የተቀጥላዋ ነገር

ለውድ እትዬ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ ይግባልሽ። ሰውነትሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲመጣ የሚቆላለፍብሽ ትከሻ ዘንድሮ ማረሽ? ልጆቹስ? ትንሹ በእንቅልፉ ጥርሱን ማፋጨት ተወ ወይስ አሁንም ቤቱን ያስነሣል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ቆሜ እሄዳለሁ ለማለት ነው፤ ሌላውን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ። እማማም ደህና ናቸው። ይሄን ስጽፍ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ግራ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ያዩኛል። ሹራብ ሳትደርብ እንዳትወጣ በያት ብለውኛል። ይኸው ብዬሻለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ ብጀምረው ወይ እጮኻለሁ፣ ወይ አለቅስና እዘጋዋለሁ። ደግሞም በስልክ የማይላክ ነገር አብሮ አለ። ፖስታው ለምን ከበደ ብለሽ መጀመሪያ እሱን እንዳትፈልጊ፤ እባክሽ በተራው ይምጣ።

እትዬ፣ አንገሽግሾኛል። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ተናድጄ ቢሆን ኖሮ ይበርድልኝ ነበር፣ አዝኜም ቢሆን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ይሄ ግን እንደ ተበላሸ ወተት ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አልወርድም አልወጣም ብሏል። የሰው ሳቅ ይቀፈኝ ጀምሯል። ምክንያቱን ከሥሩ ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ፤ ምክንያቱም መጨረሻው አንቺው ዘንድ ነው የሚመጣው።

አንቺ የላክሽልን ትንሿ ትራክተር የመጣች ቀን ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። «ትንሿ» እያልሽ በስልክ ስታወሪ፣ የምትዳር ልጅ የምትልኪልን ነበር የሚመስለው። ታላቅየውን ወንድምሽን «ኮሚቴው» ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ብቻውን ሲሆን እንኳ ስብሰባ ይጠራል ብለሽ። ታናሹን «ማስታወቂያ» ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ፎቶ ያልተነሣ ነገር የተደረገ አይመስለውም። እንግዲህ ማስታወቂያ የፀሐይ መነጽሩን አድርጎ፣ ጣራ ሥር፣ ጨለማ ውስጥ ወንበሯ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ኮሚቴው የእማማን የፊት ፎጣ ከሚስማሩ አንሥቶ ጎማዋን ወለወለበት፤ ሲጨርስም መልሶ እዚያው ሚስማር ላይ ሰቀለው። እማማ ተጣጥበው ፊታቸውን ሊያብሱ ሲሉ ከእጃቸው የነጠቅኳቸው እኔ ነኝ። የማስጠላቱ ነገር ከዚያ ይጀምራል።

ትራክተር ብቻዋን ሞተርና ጎማ ናት፤ እጇ ተቀጥላዋ ነው። ያንን አንቺ ቀድመሽ አስበሽበታል። ለዚህም ነው ሦስት ተቀጥላ ምረጡ፣ የሚጠቅማችሁን ምረጡ፣ ከዚያ በኋላ ግን እንዳትጠይቁኝ ያልሽው። ሻጩ ባለ ሥዕል መጽሔቱን ይዞ መጣ። ኮሚቴው ሳሎን ውስጥ ወንበር አስደርድሮ ስብሰባውን ከፈተ።

መጽሔቱን ጣቱን እየላሰ ነው የሚገልጠው። አንድ ገጽ፣ አንድ ጊዜ ላስ። ማረሻው ላይ ምራቅ፣ የሣር ማጨጃው ላይ ምራቅ። እስቲ አንቺም እዪው ብሎ ሲያቀብለኝ በእጄ ጀርባ ነው የገለጥኩት። እኔም ብሆን ያን ቀን ብልህ ነበርኩ አልልሽም። መጀመሪያ ዓይኔ የወደቀው የሚሽከረከር ትልቅ ብሩሽ ላይ ነው፤ ግቢ መጥረግ ቀረልኝ ብዬ ስቋምጥ፣ ሻጩ እሱ እኮ የበረዶ መጥረጊያ ነው ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እንዲያ ያለ ሳቅ አያስከፋም።

ቀጥሎ ግን የምፈልጋትን አየኋት። ተጎታች ናት፤ ባለ ሁለት ጎማ፣ ጎኗ የሚከፈት፣ ከትራክተሯ ኋላ የምትንጠለጠል። ፍጉን፣ የውሃውን በርሜል፣ የችግኙን ሣጥን ሁሉ በዚያች በምትጮኸው የእጅ ጋሪ ከደጅ እስከ ጓሮ ስገፋ ወገቤ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከዚያ ሁሉ በላይ ያሰብኩት ግን እማማን ነው። ሐኪም ቤት የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ ከቤት እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ይገድላቸዋል። ትራስ አንጥፌ ተጎታቿ ላይ አስቀምጬ ቀስ ብዬ ላደርሳቸው ነበር። ይህንኑ ተናገርኩ። ኮሚቴው ተጎታች የድሃ ዕቃ ነው አለ።

እሱ የመረጠው አፈር መፈልፈያ ነው፤ ያውም ካለው ሁሉ ሰፊውን። ሻጩ በዛፎቹ ረድፍ መካከል ምን ያህል ስፋት አለ ብሎ ጠየቀ። ኮሚቴው ተነሣና ሁለት እጆቹን፣ የናፈቀውን ሰው እንደሚያቅፍ፣ ወለል አድርጎ ዘረጋ። ይኸን ያህል! አለ። ሻጩ እጆቹን አየ፣ ትከሻውን ነቀነቀና ጻፈ። ማስታወቂያ ደግሞ ከፊት የሚገጠመውን፣ ከፍ ዝቅ የሚለውን ትልቅ አካፋ ፈለገ። ምን ልትሠራበት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ሲነሣና ሲወርድ በቪዲዮ ያምራል አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አንዱ ቀረ። እኔ አሁንም ተጎታቿን አልኩ። ሻጩም ትጠቅማለች እያለ ሳለ ነው የአንቺ የድምፅ መልእክት ኮሚቴው ስልክ ላይ የገባው። ሁሉም ይስማ ብሎ በላውድስፒከር ለቀቀው። ቃልሽ ይኸው፣ አንድም አልጨመርኩም፦ «የተቀጥላዋን ነገር ቶሎ ቁረጡት። ሥራ ሳትሠራ ቦታ ይዛ እንዳትቀመጥ። የማትሆን ከሆነችም መልሷት።»

ኮሚቴው ቀስ ብሎ ዞሮ እኔን አየኝ። ቀጥሎ ማስታወቂያ ሳቁን ለቀቀው፤ ወንበሩን እየደበደበ፣ እንባው እስኪመጣ። ኮሚቴውም ሳቀ። ሰማሽ አይደል፣ ተቀጥላ በተቀጥላ ጉዳይ አትገባም አለኝ። የሟች ወንድማቸው ሚስት ለእነሱ ተቀጥላ ናት። ሻጩ መጽሔቱን አጥፎ ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ ከሁሉም የቆረጠኝ ግን ሌላ ነው። እማማ ሳቁ። እትዬ፣ እማማ! ጥፍራቸውን የምቆርጥላቸው፣ ጀርባቸውን የማሽላቸው እናትሽ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ከልጆቻቸው ጋር ሳቁ። ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወጣሁ። ኩሽና ገብቼ አጠብኳቸው፣ መልሼ አጠብኳቸው።

ሦስተኛው ምን እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። የጉድጓድ መሰርሰሪያ። ለአጥር ቋሚ መትከያ።

ዕቃዎቹ የመጡ ቀን ሻጩ ራሱ ገጠማቸው። ሦስቱም በተራ የሚገጠሙት በአንዲት ወፍራም ፒን ነው፤ ጣት የምታህል፣ ጫፏ ላይ ቀለበት ያላት። እማማ ጆሯቸው እንደከዳቸው ስላወቀ፣ አክብሮ ወደ እሳቸው ጎንበስ አለና እየጮኸ፣ እናቴ ይህችን ፒን አደራ፣ ለዚህች ሞዴል ብቻ የተሠራች ናት፣ ከጠፋች ሁሉም የቆመ ብረት ነው አላቸው። እማማ በሙሉ ልብ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ሰሞን በዚያ ቤት ከተነገረው ሁሉ አጥርተው የሰሙት ይህን ብቻ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ማየት አልነበረብሽም። ኮሚቴው በሰፊው መፈልፈያ ረድፉ መካከል ገባና በግራም በቀኝም ግንድ ልጦ ወጣ። ባለቤቴ የተከላቸውን ብርቱካኖች፣ እትዬ። ቅርፊታቸው ተገሽልጦ ነጭ ሥጋቸው ሲታይ ዓይኔን ጨፈንኩ። እጁን ዘርግቶ የለካው ሰው፣ ዛፎቹ ናቸው ተጠጋግተው የተተከሉት ብሎ ሟቹን ወቀሰ። ማስታወቂያ ደግሞ አካፋው ላይ እርጥብ የዶሮ ፍግ ከምሮ ከፍ ሲያደርገው የኋላ ጎማዎቹ ብድግ አሉ። ትንሿ በአፍንጫዋ ተደፋች፤ ፍጉም በሙሉ ገመድ ላይ በተሰጣው የእማማ ልብስ ላይ አረፈ። ወርዶ የረዳኝ መሰለሽ? ስልኩ መቅረጹን ነው ያየው። ነጠላውን ሦስት ውኃ አጥቤው ሽታው አልለቅ ሲል ጥዬው ወጣሁ።

በዚያ ሰሞን እማማን እንደ ድሮው አላናግራቸውም ነበር። ሥራዬን ብቻ እሠራለሁ። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው ጠዋት ጠዋት ዱላቸውን ይዘው ከዋናው ቤት ጓሮ እኔ ክፍል ድረስ ይመጣሉ፤ በሩ ሥር ተቀምጠው ችግኝ ሳዳቅል ያዩኛል። አንድ ቀን፣ ልጄ ምን አድርጌሽ ነው ዓይኔን የማታዪው አሉኝ። ያን ቀን ለምን ሳቁብኝ አልኳቸው። መች አሉኝ። ስነግራቸው ግራ ገባቸው። እኔኮ ልጆቹ ሲስቁ ደህና ነገር ተገኘ ብዬ ነው የሳቅሁት አሉ።

አፈርኩ። ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ሰው ሲስቅ አብረው እንደሚስቁ እያወቅሁ፣ ያን ቀን ጠፋኝ። ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብዬ ምን እንደተባለ እየጮኽኩ ነገርኳቸው፤ ያንቺንም መልእክት፣ የእነሱንም ቃል። ከፊቴ የነበረውን ችግኝ አነሡና ያጣበቅኩበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። የትኛው ነው ፍሬ የሚይዘው ብለው ጠየቁኝ። ከላይ የተቀጠለው ነው አልኳቸው።

ከዚያ ጉድጓዶቹ መጡ። አጥሩ ለሌባ መስሎኝ ነበር። ለካስ ከዋናው ቤት ጀርባ ተነሥቶ፣ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት አልፎ፣ ብርቱካኖቹን ከእነሱ ወገን አድርጎ የሚዘጋ ነው። እኔ ከእጅ ጋሪዬ ጋር ከውጭ። ኮሚቴውን ይሄ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ እህታችን የተቀጥላዋን ነገር ቁረጡት አላለችም ወይ፣ እንግዲህ እየቆረጥን ነው አለኝ። እየሳቀም አልነበረም።

ጠዋት ነው፣ እማማ እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ እየመጡ ነው። ማስታወቂያ መሰርሰሪያው አፈር ሲተፋ እየቀረጸ ነበር። እማማ ዘወር በይልኝ፣ ሥዕሉን አበላሸሽው አላቸው። ትንሽ ወደ ኋላ አሉ። ምስኪን፣ ለልጃቸው ቪዲዮ እንዲያምር ወደ ኋላ አሉና ከኋላቸው የነበረው ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ቪዲዮውን ለጥፎታል፣ አይተሽውም ይሆናል፤ «ሥራ በዘመናዊ መንገድ» ይላል። መጨረሻው ላይ የሚሰማው ጩኸት የማሽኑ አይደለም።

እግራቸው አልተሰበረም፣ አትደንግጪ። ወልቆ ነበር፣ ሐኪም መልሶታል። እስከ አስፋልቱ በጀርባዬ አዝዬ ነው የወሰድኳቸው። ስንመለስ ኮሚቴው ግቢው ውስጥ ወንበር አስደርድሮ ጠበቀን። ጥፋቱ የእኔ ሆነ፤ አሮጊት ወደ ጓሮ ያስለመድኩ እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ እማማ ከአጥሩ ወዲያ እንዳይሻገሩ ተወሰነ። እማማ ጉድጓዱ አጠገብ፣ የቆመችው ትራክተር ላይ ተደግፈው ቆመው ነበር። ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

በማግሥቱ ወጣሁ። ልብሴን፣ የማዳቀያ ቢላዬን፣ የባለቤቴን ፎቶ። የቀረውን በዚያችው በእጅ ጋሪ ጫንኩት፤ ከዚያ ቤት የሚጠቅመኝን መርጬ ነው የወሰድኩት፣ የማንንም ንብረት አልነካሁም። ጋሪዋ እንደ ልማዷ እየጮኸች በሳሎኑ መስኮት ሥር አለፍን። ዞር ብሎ ያየን የለም። የጫንኩት ጭነት ግን መንገዱን ሙሉ ቀስ በይ ልጄ፣ ቀስ በይ፣ ወገብሽን እያለ ነበር።

አሁን ያለሁት ከአንድ ቀለም መሸጫ ጀርባ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ነው። የቀለሙ ሽታ ራስ ያዞራል፤ መስኮቱ አንድ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ላይ ደንበኞች የሞከሩት ቀለም ሁሉ ተቀብቶበት መልኩ አይታወቅም። ችግኝ የሚሸጥ ሰው ሥራ ሰጥቶኛል። እዚህ በገባን የመጀመሪያ ቀን የእማማን የእግር ፋሻ ልቀይር ስፈታው፣ ከፋሻው መካከል አንድ ከባድ ነገር ዱብ አለ። ጣት የምታህል፣ ጫፏ ላይ ቀለበት ያላት። እኔ አይደለሁም እትዬ፣ በሞተው ወንድምሽ እምላለሁ። ደንግጬ ቀና ስል እንደ ጥፋተኛ ልጅ ወደ ግድግዳው ዞሩብኝ። ቆይተው፣ ያ ሰውዬ አደራ ብሎኝ የለም እንዴ አሉ።

ስልኬ እስካሁን አላረፈም። ኮሚቴው በሚስማር ሞክሮት ሚስማሩ ተጣመመ፤ በብሎን ሞክሮት ተቀነጠሰ። መፈልፈያውም አካፋውም መሰርሰሪያውም ግቢው ውስጥ ተጋድመዋል አሉ። ፒኗን የት አድርገሻት ነው፣ አንቺ ክፍል ካለች አምጫት ይለኛል። ከሳሎን ሆኖ እኮ ነው የሚደውለው! ጉድጓዶቹን ተሻግሮ በሬን ያንኳኳ ቢሆን ኖሮ ክፍሉ ባዶ መሆኑን ባወቀ። ማስታወቂያም ደውሏል፣ እሱም ስለ ፒኗ። አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ ምሳ። ሌላ የጠፋ ነገር እንዳለ የጠየቀኝ የለም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እማማ ማን ነው ይሉኛል። የተሳሳተ ቁጥር ነው እላቸዋለሁ። ከነገርኩሽ ሁሉ እንደዚህ የሚያስጠላኝ የለም።

እንግዲህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ በር ላይ እጄን ይዘሽ፣ የትም አትሄጂም፣ አንቺ የዚህ ቤት ነሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። ትንሿንም ሁልጊዜ «እሷ» እያልሽ እንደምትጠሪያት አውቃለሁ። ያን መልእክትሽን በልቤ ስንት ጊዜ እንዳዳመጥኩት! በአንድ ወገን ሲሰማ ስለ ትራክተር ነው፤ በሌላ ወገን ሲሰማ ስለ እኔ ነው። እነሱ የፈለጉትን ሰሙ። እኔ ግን ምን እንደሰማሁ እስካሁን አላውቅም። «ተቀጥላዋ» ስትዪ ማንን ነበር?

ፒኗ ፖስታው ውስጥ ናት። እማማ ናቸው በመሐረባቸው የጠቀለሏት፤ ትራክተሯ ያንቺ ስለሆነች አደራው ወዳንቺ ይሂድ ብለዋል። ስለ ትራክተሯ ነበር ካልሽ፣ በእኔ ስም መልሰሽ ላኪልኝ፤ በእሷ የምትገጠመውን ተጎታች አውቃለሁ። ስለ እኔ ከነበረ ግን እዚያው አስቀሪያት። መልስ መጻፍም አያስፈልግሽ፣ ይገባኛል። በየትኛውም ቢሆን በድሮው አድራሻ እንዳትልኪው፣ እዚያ የለንም፤ ያለንበትን ከጀርባው ጽፌዋለሁ።

ፈጣሪ ትከሻሽን ይማርልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ሲያድጉም ስታረጂ የሚሰሙሽ፣ ስትወድቂ ዞር ብለው የሚያዩሽ ያድርግልሽ። ይህን ምርቃት የጨመሩት እማማ ናቸው፤ እኔ እንዳሉት ጻፍኩት። ሹራቡንም አትርሺ ብለዋል፣ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው።

የወንድምሽ ሚስት፣
ከእናትሽ ጋር